የጣርማበር ጉም ውስጥ የሚቆመው ሰውዬ፦ እናንተ ቤት ምን ይባል ነበር?

የሲና ልጅ (ክሩን የጀመረች)

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ብዙ የሰሜን ሸዋ ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

ደብረ ሲና አድጎ የጣርማበርን ወሬ ያልሰማ የለም። ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ ያወጣው ዋሻ፣ አንዳንዱ ሙሶሊኒ ዋሻ የሚለው ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ የደብረ ብርሃን ደጋ ያልቅና እሱ ይመጣል። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ በኩል ፀሐይ ሆኖ ትገባላችሁ፣ በዚያኛው ስትወጡ ጉም ይውጣችኋል።

እኛ ሰፈር ሁለት ወሬ ነበር። አንደኛው የዋሻው ነው። ማታ በእግሩ ያለፈበት ሰው ከኋላው መዶሻ ይሰማል። ሲቆም ይቆማል፣ ሲራመድ ይቀጥላል። ዋሻው ሲፈለፈል ሞተው የቀሩ ሠራተኞች ናቸው ይባላል።

ሁለተኛው የገደሉ ነው። እኔን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝም እሱ ነው። አያቴ ልጅ ሆና ከታናሽ እህቷ ጋር ከብት ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን 11 ሰዓት ገደማ ከብቱን ሊመልሱ አፋፉ ላይ ቆመዋል። ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ይወጣል። ድንገት ጉሙ ላይ ሰው ቆሞ አዩ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ፊት የሌለው። ራሱን ቀስተ ደመና የመሰለ ብርሃን ከቦታል። አጠገቡ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ብርሃን የለውም። ጮኸው፣ ከብቱን ጥለው ሮጡ። አያቴ ይህን ስታወራ መጀመሪያ ታማትብ ነበር። ነፍሷን ይማረውና፣ ውሸት የምታወራ ሴት አልነበረችም።

እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው። አብሯቸው ሳይቀበር እዚህ እንሰብስበው።


ሮቢቴው

እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነን። የናንተን ጉም ከታች ሆነን ነው የምናየው። እናቴ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ስትሸኝ «ዋሻውን በቀን እለፉ» ትላለች። ለምን ስንላት ዝም። የመዶሻውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ። ሌላው ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሰችው ሴትዮ ናት። ከዋሻው መውጫ ላይ ቆማ መኪና ታስቆማለች፣ ሲቆምላት ግን የለችም ይባላል።


የወሎ መስመር

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ በዚህ መንገድ ነው ያረጀሁት። በኤንትሬ፣ በድሮው የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ረዳትነት ጀምሬ፣ ተሳቢ እየነዳሁ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ጣርማበር የማውቀውን ልናገር።

ያኔ ዋሻው ከመድረሳችን በፊት ሁሉም ሾፌር የሚያደርገው ነገር ነበር። ማርሽ መቀነስ፣ መብራት ማብራት፣ ክላክስ ማድረግ፣ ማማተብ። በዚሁ ቅደም ተከተል። ከወዲያ የሚመጣው ተሳቢ ይሁን አይሁን አይታወቅማ። ጉሙ ሲብስ ረዳቱ ወርዶ ባትሪ ይዞ ከፊት ይሄዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ሄጃለሁ። የሚሰማው የራስህ እግር ነው፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው፣ ከኋላ ደግሞ የተሳቢው ሰንሰለት ይንቋቋል። መዶሻ ነው ብለህ ብትምል አይፈረድብህም።

የጋቢዋን ሴትዮ ወሬ ግን አልወደውም። ምክንያቴን ስሙኝ። አንድ ጊዜ ከደሴ ስመለስ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከዋሻው በፊት ባለው ዳገት ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ረዳቴ «ጋሼ እንዳትቆም፣ እሷ ናት!» አለ። ልቤ ደነገጠ፣ አልዋሽም። ግን እጇን ሳይሆን ያቀፈችውን ነገር ነበር ከፍ የምታደርገው። ቆምኩ። የታመመ ልጅ የያዘች የገጠር ሴት ናት። ጋቢዋ በጉሙ ርሶ እስከ ጉልበቷ ይንጠባጠባል። ልጁ ትንፋሹ ይንጫጫል። ብዙ መኪና አልፏታል። ሁሉም አይቷታል፣ ሁሉም ፈርቷል። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በር ላይ አወረድኳት። ልጁ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ስለዚህ ሮቢቴው ልጄ፣ ይህን ወሬ ስታወራ ይህችንም ሴት ጨምርበት።


ሮቢቴው

እጨምራለሁ ጋሼ። እድሜ ይስጥዎት።


የአንኮበር ሰው

ጋሼ ልብ የሚነካ ነው ያወሩት። እኔ ወደ አንኮበር ልውሰዳችሁ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ናት። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የነበሩት እዚያ ነው። ዛሬ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረ ግንብ አለ፣ የቀረው ዳዋ ነው። ልጆች ሆነን ግን የምንፈራው ቤተ መንግሥቱን አልነበረም። ሁለት ሌላ ቦታ ነበር።

አንዱ ጎንቾ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች በሰንሰለት ታስረው የኖሩበት። ዙፋን ይመኛሉ ተብሎ ነው እንጂ ሌላ ወንጀል የላቸውም። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንኮበር በነበረበት ጊዜ ነው የተፈቱት፣ እሱም ጽፎታል። ሽማግሌዎቹ «ሌሊት ሰንሰለት ይሰማል» ይሉ ነበር። እኔ ሰንሰለት ሰምቼ አላውቅም። ግን ቦታው ላይ ቆሞ፣ ሰው ወንድሙን እንዲህ አድርጎ ምሳውን እንዴት ይበላል ብሎ ያላሰበ ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ልጥ ማረፊያ ነው። ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች የሰጧቸው ቦታ ነው። አንቲኖሪ የሚባል ሽማግሌ ወፍ እየሰበሰበ እዚያ ኖረ። አንድ እጁ በጠመንጃ አደጋ ተጎድቶ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እኛ «የፈረንጅ መቃብር» ነበር የምንለው። እናቶቻችን በቀትር እንዳትሄዱ ይሉናል። ጠመንጃ በአንድ እጁ ይዞ፣ አንጋጦ ዛፉን የሚያይ ሰው ይታያል ይባላል። አያስፈራራም፣ አይናገርም። ወፍ ነው የሚፈልገው።


ሚኪ ከአዲስ አበባ

በቀትር? መንፈስ እኮ ሌሊት ነው የሚወጣው። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ምን ይሠራል?


የተጉለት ዲያቆን

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ሚኪ ወንድሜ፣ ሌሊት ብቻ የሚወጣው የፊልሙ ነው። የኛ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ቀትርን ይፈራል። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ መዝሙሩ ላይ ከሌሊት ግርማ ቀጥሎ «የቀትር ጋኔን» ተብሎ ተጽፏል።

ተጉለት ውስጥ እኔ ሳድግ 6 ሰዓት ላይ ልጅ ወንዝ አይላክም። ዋርካ ስር አይተኛም። አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ አይቆምም። በቀትር ብቻውን ሜዳ ላይ የዋለ ሰው ራሱን ካመመው «መታው» ይባላል። ለአራስ ሴት ደግሞ ትራስ ስር ብረት ይደረጋል፣ ማጭድ ወይም ቢላ። እናቴ ታናሼን ስትወልድ የተቀመጠው ማጭድ እጀታው ተሰባብሮ ጫፉ ብቻ የቀረ ነበር። ሣር አይቆርጥም። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞር ነበር።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የምለው፣ የሞተ ሰው ነፍስ ዋሻ ውስጥ መዶሻ ይዛ አትቀርም። ጋኔን የሰውን መልክ ያሳያል ይባላል፣ እሱ ሌላ ነው። ለሞተው የሚደረገው ፍትሐት ነው፣ ተዝካር ነው። የዋሻው ሠራተኞች ግን ተዝካር ያወጣላቸው ይኖር ይሆን? እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።


ፊዚክስ ዘደብረ ብርሃን

የሲና ልጅ፣ የአያትሽን ታሪክ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ እጠይቅሻለሁ፣ በመጀመሪያ ግን የማስበውን ላስረዳ።

ገደሉ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። 11 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የሚያይ ሰው ፀሐይ ከጀርባው ናት፣ ዝቅ ብላለች። ጥላው ወደ ፊት ይሄዳል። ከፊቱ ግን መሬት የለም። ስለዚህ ጥላው የሚያርፈው በሚወጣው ጉም ላይ ነው። ጉም እንደ ግድግዳ አይደለም፤ ጥልቀት አለው። ጥላው ወደ ውስጡ ይዘልቃል። ዓይን ርቀቱን መለካት ስለማይችል ሩቅ የቆመ ግዙፍ ሰው ያደርገዋል። ጉሙ ሲነቃነቅ ሰውየው የተራመደ ይመስላል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የጉም ጠብታ እጅግ ደቃቃ ነው። የመጣበትን ብርሃን ከፊሉን ወደ መጣበት ይመልሰዋል፣ ሲመልሰው ቀለም ቀለሙ ይለያያል። ያ ባለ ቀለም ቀለበት የሚከበው ከፀሐይ ትክክል ተቃራኒ ያለውን ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ተመልካች ያ ቦታ የራሱ ጥላ ጭንቅላት ነው፣ የሚያየው በዓይኑ ስለሆነ። አጠገቡ የቆመው ሰው ጥላ ለሱ ጨለማ ነው። ያኛው ደግሞ በተራው ቀለበቱን በራሱ ጥላ ላይ ያያል፣ የጓደኛውን ጨለማ አድርጎ።

ይህ ነገር በጀርመን ብሮከን የሚባል ተራራ ላይ በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1780 ተጽፎ ስሙንም ከዚያ ተራራ ወስዷል። የዚያ አገር ገበሬም መንፈስ ነው ብሎ ሲሸሽ ኖሯል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የአያትሽ እህት በሕይወት አሉ ወይ? ካሉ፣ የሚያበራው የትኛው ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ። ምንም አትንገሪያቸው፣ ዝም ብለሽ ጠይቂ።


የሲና ልጅ

መምህር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አለች። ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን የልጅ ልጇ ያዘላት። «እማማ፣ ያኔ ጉሙ ላይ ያያችሁት፣ የሚያበራው የቱ ነበር?» አልኳት። አላመነታችም። «እኔ ፊት ለፊት የቆመው ነዋ! እህቴ ፊት የቆመውማ ድቅድቅ ጨለማ ነበር» አለች። ከዚያ ንዴቷ መጣ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ «የሚያበራው በኔ በኩል ነበር» ስትል ኖራለች። በዚህ ተጣልተው ያውቃሉ። አንዷ ሌላዋን ውሸታም ብላለች። በሰርግ ላይ፣ ሰው ፊት። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እናቴ ግን ታውቃለች።

መምህር የጻፉትን ቀስ ብዬ አነበብኩላት። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነበር አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው እስካሁን የት ነበር?» አለች።


ፊዚክስ ዘደብረ ብርሃን

እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ለእማማ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የመዶሻውንም ነገር ጋሼ በደንብ ገልጸውታል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንደዚያ ያለ ረጅም የድንጋይ ዋሻ ውስጥ የእግር ኮቴ እየተላተመ ይመለሳል፣ ዘግይቶም ይደርሳል። ስትቆም ትንሽ ቆይቶ የሚቆመው ለዚያ ነው።


የተጉለት ዲያቆን

እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር። ሰሜን ሸዋ የብርሃን አገር ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ አይተው አይደል ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት? እሱንስ ምን ይላሉ?


ፊዚክስ ዘደብረ ብርሃን

ዲያቆን፣ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1456 ታይቷል። ከዚያ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ወሩ ግን አልገጠመም የሚል ክርክር ስላለ እኔ አልፈርድም። ንጉሡ ያዩትን እንዳዩ ጽሑፉ ይናገራል፣ ከዚያ በላይ አልሄድም።


ሚኪ ከአዲስ አበባ

በጣም የሚገርም ክር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። መንዝ ውስጥ የሰው አጥንት ያለበት ዋሻ አለ አሉኝ። ጓደኞቼ ጋር ሆነን እዚያ አድረን ቪዲዮ ብንሠራ ብለን ነበር። መንገዱን የሚያውቅ አለ? ሌሊት ድምፅ ይሰማል ወይ?


መንዜው

ሚኪ፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ይሄን ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

የምትለው ዘረትን ነው። አመፀኛ ዋሻም ይሉታል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ላይ የሆነ ነው። ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የነበሩ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ተጠግተው ነበር። ጣሊያን ከበባቸው። ማስወጣት ሲያቅተው የመርዝ ጋዝ አመጣ። ሰናፍጭ ጋዝ ነው፣ ሥጋ የሚያቃጥል። በዋሻው አፍ ላይ አፈነዳው። ከጋዙ ሸሽተው ወጥተው እጃቸውን ከሰጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶችን ረሸነ። በሌሊት ሰብረው የወጡት ጥቂት ናቸው። አጥንቱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሱን አገር ጦር ሰነድ አግኝቶ ቦታው ድረስ ሄዶ እስኪያጠናው ድረስ፣ ከአካባቢው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

ስለ ድምፅ ጠየቅከኝ። ልንገርህ። መንዝ ስለ ወንዙ ይወራል፣ ስለ ጓሳው ይወራል፣ ስለ ዛሩ ይወራል። ስለ ዘረት ግን አንድም የሙት መንፈስ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። አያቶቻችን ቦታው አጠገብ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ያማትባሉ፣ ያልፋሉ። ወሬው የሚወራው ለማይታወቅ ሙት ነው። እነዚህ ግን የሚታወቁ ናቸው። ያ የእገሌ አባት ነው፣ ያቺ የእገሌ እናት ናት።

ሂድ፣ እይ። የሚያሳይህ ሰው አታጣም። ግን በቀን ሂድ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሂድ። ማደሩን ተወው።


ሚኪ ከአዲስ አበባ

ገባኝ ጋሼ። ማደሩ ይቀራል። አገር ቤት ያሉ ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ብንቀዳስ? እነሱ ከፈቀዱ ማለቴ ነው።


መንዜው

እሱ ጥሩ ነው። ያኔ ሕፃን የነበረ እንኳን ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። ፍጠን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ከማን እንደምትጀምር እነግርሃለሁ።


የአንኮበር ሰው

መንዜው እጅህ ይባረክ። የዲያቆኑ ጥያቄም ከአእምሮዬ አልወጣም። ዘረት ላይ ወሬ የለም፣ ጣርማበር ዋሻ ላይ ግን ሞልቷል። የዋሻው ሠራተኞች ከየት እንደመጡ፣ ስንት እንደሞቱ፣ የት እንደተቀበሩ እኛ ቤት የሚያወራ አልነበረም። ጋሼ፣ እርስዎ ከድሮ ሾፌሮች የሰሙት ነገር አለ?


የወሎ መስመር

ጥቂት። ያስተማረኝ ሾፌር የሱ አባት መንገዱ ላይ ድንጋይ ፈልጧል ይል ነበር። ብርዱ ከሥራው ይብስ ነበር ብሏቸዋል። የቆላ ሰዎች ነበሩበት፣ ነጠላ ብቻ የለበሱ። በጉሙ ውስጥ አድረው ጠዋት ያልተነሱ አሉ ይላል። ስም ግን አልነገረኝም። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አልጠየቅኩም።


የተጉለት ዲያቆን

ስም ባይኖርም ይጸለያል ጋሼ። ቅዳሴው ላይ «ስማቸውን አንተ የምታውቀው» ብሎ ማሰብ ይቻላል። እኔ በሚመጣው እሑድ አስባቸዋለሁ።


ሮቢቴው

እኔ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር አፋፉ ላይ ቆመን ቀለበቱን ለማየት አስበናል። መምህር፣ መቼ ብንሄድ ይሻላል?


ፊዚክስ ዘደብረ ብርሃን

ሁለት ነገር አብሮ ይፈለጋል፦ ከጀርባ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ከፊት ከታች የሚነሳ ጉም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሞክሩ። እናንተ ራሳችሁ ጉም ውስጥ ከሆናችሁ አይሠራም። ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጉም ሲኖር ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሁለታችሁም ያያችሁትን ሳትነጋገሩ ወረቀት ላይ ሣሉት፣ ከዚያ እዚህ ለጥፉልን።


የወሎ መስመር

ሲመሻችሁ ደብረ ሲና ወርዳችሁ እደሩ። በጨለማ ዋሻውን አትለፉ። የግድ ካለፋችሁም መብራት አብሩ፣ አጭሩን። ረጅሙ ጉም ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ነው የሚመታው። ክላክስ አትርሱ። መንገድ ዳር ሰው ካያችሁ ደግሞ ቁሙ።